«ፈቃዱን ንጠቁት» ለሚሉት፦ መሬት ላይ ስለሚጠፉ ፓይለቶች

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰነበተ። ርዕሱ «ሰማዩን የሚያውቅ፣ መሬቱን የማያውቅ» ይላል። መጀመሪያ ያሳየችኝ የፎቃችን ጎረቤት ናት። «አንተ ኤርፖርት ሠርተህ የለ? እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ። አቦል ላይ ማንበብ ጀመርኩ። ቶና ላይ ተናደድኩ። በረካ ላይ መልስ ልጽፍ ወሰንኩ።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። አውሮፕላን መሬት ላይ ሲያኮበኩብ መንገድ የሚስት፣ ያልተፈቀደለት ቦታ የሚገባ፣ በክንፉ ሌላውን የሚገጭ ፓይለት ቸልተኛ ነው። አህጉር አቋርጦ የመጣ ሰው ጠፍጣፋ አስፋልት ላይ ሊጠፋ አይገባውም። የሚሳሳቱት ጀማሪዎች ናቸው። ታወሩ፣ ማለትም የተቆጣጣሪዎቹ ማማ፣ መንገዱን ይነግራቸዋል፣ መስማት ብቻ ነው። የእኛዎቹ በአማርኛ ቢነጋገሩ ይቀላል። ደግሞስ ጂፒኤስ ባለበት ዘመን መጥፋት ምን ይሉታል? ስለዚህ የተሳሳተው ፈቃዱ ይነጠቅ። የቀረውን የቢሾፍቱው አዲስ ኤርፖርት ይፈታዋል።

እኔ ፓይለት አይደለሁም። ግን 12 ዓመት ራምፕ ላይ ሠርቻለሁ። አውሮፕላን ቆሞ የሚጫንበትና የሚራገፍበት ሜዳ ማለቴ ነው። ጎታች መኪና ነድቻለሁ። በሁለት እጄ መብራት ይዤ አውሮፕላን ወደ መቆሚያው አስገብቻለሁ። አሁን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተቀምጬ ከበረንዳ አያቸዋለሁ። ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፉ አልጠራጠርም። ግን አብዛኛው ነጥባቸው ልክ አይደለም። አንዱ ደግሞ ሰው ያስገድላል።

መጀመሪያ የቃሉን ጣጣ እንጨርስ። ጸሐፊው «ማኮብኮቢያ» የምትለዋን ቃል አንዴ ለዚህ፣ አንዴ ለዚያ ይጠቀሙባታል። አይፈረድባቸውም፤ ጋዜጣውም ሬዲዮውም እንዲሁ ነው። እዚህ ጉዳይ ላይ ግን ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ነው። አውሮፕላኑ ተንደርድሮ የሚነሳበትና የሚያርፍበት ራንዌይ ነው። ከመቆሚያው እስከ ራንዌዩ እያዘገመ የሚሄድበት ደግሞ ታክሲዌይ ይባላል። ጎረቤቴ ይሄን ስነግራት «አውሮፕላንም ታክሲ ይይዛል?» ብላ ሳቀች። ይይዛል፤ ያውም ያለ ወያላ።

ወያላውን ያነሳሁት ለቀልድ አይደለም። የመጀመሪያው ነጥባቸው ላይ ይረዳኛል።

«ጠፍጣፋ አስፋልት ላይ እንዴት ይጠፋል?» ይላሉ። ሰማይ ላይ እኮ አውሮፕላኑን ብዙውን ጊዜ የሚነዳው አውቶፓይለት ነው። መንገዱ ኮምፒውተር ውስጥ ተጽፏል። ዙሪያው ባዶ ነው፤ ሌላ አውሮፕላን በኪሎ ሜትሮች ወይም በመቶዎች ሜትር ከፍታ ይለያል። መሬት ላይ አውቶፓይለት የለም። በእጅና በእግር ነው። መስቀለኛ መንገዱ ብዙ ነው፣ ስሙ ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። ሌሊት ደግሞ የታክሲዌዩ ጠርዝ በሰማያዊ መብራት፣ መሃሉ በአረንጓዴ መብራት ይሞላል። ከላይ ሲያዩት ያምራል። ከውስጥ ሆነው ሲያዩት ግን የትኛው የሰማያዊ ረድፍ የየትኛው መንገድ እንደሆነ መለየት ሌላ ነገር ነው።

መጠኑንም አስቡት። ቦይንግ 777-300ኢአር ርዝመቱ 74 ሜትር ያህል ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 65 ሜትር ይጠጋል። ዋናዎቹ ጎማዎች ከፊተኛው ጎማ ከ30 ሜትር በላይ ወደ ኋላ ናቸው። ፓይለቱ የተቀመጠው ከፊተኛው ጎማም ቀድሞ ነው። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ እሱ ራሱ ቢጫውን መስመር አልፎ ካልሄደ የኋላ ጎማው ሣር ላይ ይወጣል። የገዛ ክንፉን ጫፍ ደግሞ ከወንበሩ ሆኖ አያየውም። ሚኒባስ ነጂ ጠባብ መንገድ ላይ ሲገባ ወያላው ወጥቶ «ና፣ ና፣ አለህ» ይለዋል። ለፓይለቱ ይሄን የሚለው መቆሚያው አጠገብ ያለን እኛ ነን። ከዚያ ከራቀ ብቻውን ነው።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ጆሃንስበርግ ላይ አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ወደ ሌላ ታክሲዌይ መታጠፍ ሲገባው ቀጥ ብሎ ሄደ። ቀጥ ያለው መንገድ ለዚያ ትልቅ አውሮፕላን ጠባብ ነበር። ክንፉ ከዳር ያለ ሕንፃ ውስጥ ገባ። ሕንፃው ውስጥ የነበሩ 4 ሰዎች ቀላል ጉዳት ደረሰባቸው። ካፒቴኑ ሰማዩን አቋርጦ ለንደን ሊሄድ ነበር፤ የከበደው መሬት ላይ ያለ አንድ መታጠፊያ ነው።

ሁለተኛው «የሚሳሳቱት ጀማሪዎች ናቸው» የሚለው ነው። ይሄ የሚመቸን ስለሆነ ነው የምናምነው። በአቪዬሽን ታሪክ ትልቁ አደጋ የደረሰው መሬት ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977፣ ቴነሪፍ ደሴት። ሁለት 747 ራንዌይ ላይ ተጋጩ። 583 ሰው ሞተ። ጉም ነበር። የአሜሪካው ፓን አም አውሮፕላን በራንዌዩ ላይ እያኮበኮበ በሦስተኛው መውጫ እንዲወጣ ተነግሮት መውጫውን አለፈው። የሆላንዱ ኬኤልኤም አውሮፕላን ደግሞ ሳይፈቀድለት ተንደረደረ። የኬኤልኤሙ ካፒቴን ማን ነበር? ያኮብ ቬልድሃውዘን ቫን ዛንተን። የኩባንያው የ747 ዋና አሠልጣኝ፣ ፎቶው ማስታወቂያ ላይ የወጣ ሰው። ከኋላ የተቀመጠው የበረራ መሐንዲስ «ያ አውሮፕላን አልወጣም እንዴ?» የሚል ነገር ጠይቋል። ካፒቴኑ በእርግጠኝነት መለሰለት። እርግጠኛነቱን ያገኘው ከልምዱ ነው።

ልምድ ዓይን ይከፍታል፣ እውነት ነው። ግን ማየት የምንጠብቀውን ነገር ብቻ እንድናይም ያደርጋል። ይሄን የተማርኩት ኤርፖርት ሳይሆን እዚሁ ሰፈር ነው።

ባለፈው ዓመት ሰኔ የአንድ የቀድሞ ባልደረባዬ እናት አረፉ። ለቅሶው ብሎክ 86 ነው ተባልኩ። ሰፈሬን አውቃለሁ ብዬ ማንንም ሳልጠይቅ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። መብራት የለም፣ ዝናብ ያካፋል። ድንኳን አየሁ። ጋቢ የለበሱ ሰዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። «እግዜር ያጥናችሁ» ብዬ ገባሁ። ንፍሮ ሰጡኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል ባልደረባዬን በዓይኔ ፈለግሁት። የለም። ቤት ገብቶ ይሆናል አልኩ። የማውቀው ሰው አንድም የለም። የእናቱ ወገኖች ይሆናሉ አልኩ። በመጨረሻ የሟች ፎቶ መጣ፤ ሪዛም ሽማግሌ ናቸው። ያን ጊዜ እንኳ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «እናቱ ያሉኝ አባቱን ለማለት ይሆናል» የሚል ነው። ቦታ ስቻለሁ ብዬ ለማሰብ ሌላ አምስት ደቂቃ ወሰደብኝ። የነበርኩት ብሎክ 68 ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር ቀለሙ ለቆ ነበር፤ ቢሆንም ቀና ብዬ አላየሁትም።

ጸሐፊው ይሄን ሲያነቡ ይስቁብኝ ይሆናል። ይሳቁ። ግን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 27 ቀን 2006 አሜሪካ ሌክሲንግተን ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ኮምኤር የሚባል ኩባንያ አውሮፕላን ንጋት ሳይቀድ ለመነሳት ወጣ። የተፈቀደለት ራንዌይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። የገባበት ግን ግማሹን ያህል ብቻ የሚሆን ሌላ ራንዌይ ነበር። የሁለቱ መግቢያ ይቀራረባል። አጭሩ ራንዌይ መብራት አልበራበትም። ረዳት ፓይለቱ እየተንደረደሩ ሳለ መብራት አለመኖሩ እንግዳ ነገር እንደሆነ ተናግሯል። ካፒቴኑም አዎ ብሏል። ፎቶው መጥቶ ነበር ማለት ነው። ከ50 ሰው 49ኙ ሞተ።

ሦስተኛው «ታወሩ ይነግራቸዋል፣ መስማት ብቻ ነው» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ያላወቁት አንድ ነገር አለ። ፓይለት የተነገረውን መልሶ ይደግማል፤ ሪድባክ ይሉታል። ተቆጣጣሪው ያዳምጣል፣ ከተሳሳተ ያርማል። መልካም አሠራር ነው። የሚያሳየው ግን ፓይለቱ መስማቱን ብቻ ነው፤ የት እንዳለ አያሳይም።

ጣሊያን፣ ሚላን ሊናቴ ኤርፖርት፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 8 ቀን 2001። ጠዋት፣ ወፍራም ጉም። አንዲት ትንሽ ሴስና ጄት በአር 5 መንገድ ሂጂ ተባለች። ፓይለቶቹ «አር 5» ብለው በትክክል ደገሙ። ሄዱ፤ በአር 6። ይሄኛው መንገድ ዋናውን ራንዌይ ያቋርጣል። ምልክቶቹ የደበዘዙ ነበሩ። የመሬት ራዳሩ አይሠራም። ፓይለቶቹ መንገድ ላይ ያዩትን የቀለም ምልክት ስም ለታወሩ ነገሩ። ተቆጣጣሪው ያ ምልክት በካርታው ላይ ስለሌለ የት እንዳሉ አላወቀም። ሊነሳ ሲንደረደር ከነበረ ኤስኤኤስ የሚባል የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ አውሮፕላን ጋር ተጋጩ። 118 ሰው ሞተ። እስቲ ጸሐፊው ይንገሩን፤ እዚህ ያልሰማው ማን ነው?

የቶኪዮው ሃኔዳ ኤርፖርት ደግሞ ትናንት ነው፤ እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2024። የጃፓን የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን በዋዜማው ለደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎጂዎች ዕርዳታ ሊያደርስ ይጣደፋል። ታወሩ «ቁጥር 1 ነህ፣ ሲ5 መጠበቂያ ድረስ ሂድ» አለው። በትክክል ደገመ። ከዚያ ራንዌዩ ውስጥ ገብቶ ቆመ። የመነሳት ተራው የእሱ እንደሆነ መስማቱ «ግባ» እንደመባል ሆኖ ሳይሰማው አልቀረም። መግቢያው ላይ ቁም የሚሉት ቀይ መብራቶች ለጥገና ጠፍተው ነበር። የሚያርፈው ኤርባስ መጥቶ ወደቀበት። ኤርባሱ ውስጥ የነበሩት 379ኙም ወጡ። ከትንሹ አውሮፕላን 6 ሰዎች 5ቱ ሞቱ።

ታክሲ ተራ የቆመ ሰው ይሄን ይረዳዋል። ተራ አስከባሪው «ቀጣዩ አንተ ነህ» ሲልህ እግርህ ቀድሞ ይነሳል።

በአማርኛ ይነጋገሩ ስለሚለው ብዙ አልልም። ሬዲዮኑ የጋራ ነው። አንዱ ሲናገር ሁሉም ይሰማል፤ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። የእኛ ፓይለት በአማርኛ «ራንዌዩን እያቋረጥኩ ነው» ቢል ሊያርፍ የመጣው ቱርካዊ ምን ይረዳል? ከቴነሪፍ በኋላ እንዲያውም እንግሊዝኛውን ራሱን አጠበቡት። «መነሳት» የምትለዋ ቃል ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንድትወጣ ተደረገ።

ጂፒኤሱም እንደዚያው። ብዙ አዳዲስ አውሮፕላኖች የኤርፖርቱን ካርታና ያሉበትን ቦታ የሚያሳይ ስክሪን አላቸው። ይረዳል። ግን ስክሪን የሚያይ ዓይን ውጭ አያይም፤ ስልኩን እያየ ዜብራ የሚያቋርጥ ሰው ስንት አለ? እኔ ብጠየቅ ገንዘቡን መጀመሪያ ታወሩ ጋ ለሚቀመጠው የመሬት ራዳርና ማስጠንቀቂያ አወጣ ነበር። ጥር 13 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ጄኤፍኬ ላይ አንድ የአሜሪካን ኤርላይንስ 777 ሌላ አውሮፕላን የሚነሳበትን ራንዌይ ያለ ፈቃድ አቋረጠ። ማስጠንቀቂያው ጮኸ፣ ተቆጣጣሪው የሚነሳውን አስቆመው። ማንም አልተጎዳም።

አንድ ቦታ እስማማለሁ። ጸሐፊው «እያወሩ ነው የሚነዱት» ብለዋል፤ አንዳንዴ ልክ ናቸው። ሌክሲንግተን ላይ ፓይለቶቹ እያኮበኮቡ ከሥራ ውጭ ወሬ ያወሩ ነበር። የአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ይሄን ይከለክላል፤ ማኮብኮብም ከክልከላው ውስጥ ነው። ከወሬ የባሰው ግን ጥድፊያ ነው። አሜሪካ ዲትሮይት ላይ እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ አውሮፕላን ራንዌይ ተቀየረበት፣ እያኮበኮበ መታጠፊያም ሳተ። በዚያ ወከባ መሃል መደረግ የነበረበት ቼክሊስት፣ ከመነሳት በፊት አንድ በአንድ የሚጣራው ዝርዝር፣ ሳይደረግ ቀረ። ፍላፑ፣ ለመነሳት ከክንፉ የሚዘረጋው ክፍል፣ ሳይዘረጋ ተነሳ። 156 ሰው ሞተ፤ ከአውሮፕላኑ የተረፈችው አንዲት የ4 ዓመት ልጅ ብቻ ናት። የጠፋው መንገድ ሳይሆን ቼክሊስቱ ነበር፤ መጥፋቱ ግን አብሮ ነው የመጣው።

አሁን ወደሚያስገድለው ነጥብ ልምጣ። «ፈቃዱን ንጠቁት፣ ሌላው ይማራል» ይላሉ።

ስሙን በማልጠራው ኤርፖርት ስሠራ አንድ የነሐሴ ሌሊት፣ 11 ሰዓት ገደማ፣ ፒክአፕ ይዤ ወጣሁ። ጉሙ ፓውዛውን ይመልሰዋል። በአገልግሎት መንገዱ ወደ ዕቃ መጋዘኑ መታጠፍ ነበረብኝ። መታጠፊያውን ሳትኩት። ሰማያዊ መብራት በግራ በቀኝ ሲሆንብኝ ገባኝ፤ ግን «ትንሽ ልሂድ፣ አሁን አገኘዋለሁ» አልኩ። ሄድኩ። ከዚያ በፓውዛው ሥር አስፋልቱ ላይ አራት ቢጫ መስመሮች መጡ። ሁለቱ ያልተቆራረጡ፣ ሁለቱ የተቆራረጡ። ካጠገባቸው ቀይ ሰሌዳ፣ በላዩ ነጭ ቁጥር። ከመስመሮቹ ማዶ ራንዌይ ነው። ያልተቆራረጠው ወዳለህበት ካየ ያለ ፈቃድ አይታለፍም፤ ሥልጠና ላይ መጀመሪያ ያስተማሩን ይሄን ነው። ፍሬን ያዝኩ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሬዲዮኑ በእጄ ነው። ማለት ያለብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ጠፍቻለሁ፣ ቆሜያለሁ። አልጫንኩትም። ከሳምንት በፊት አንድ ባልደረባችን ይህንኑ ብሎ ነበር። የመንዳት ፈቃዱን ለሦስት ወር ነጠቁት፣ ከደመወዙም ቆረጡበት። ካፍቴሪያ ውስጥ «ጂፒኤስ» የሚል ቅጽል ወጣለት። ስለዚህ መብራቴን ቀንሼ፣ በኋላ ማርሽ፣ እየዳበስኩ ወጣሁ። ማንም አላየኝም፣ ለማንም አልነገርኩም። መታጠፊያው ላይ ያለውን ሰሌዳ ሣር እንደሸፈነው በነጋታው አየሁ። ያንንም አልተናገርኩም፤ «አንተ እንዴት አየኸው?» ይሉኛላ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሌላ ሹፌር በዚያው መታጠፊያ ገባ። ያም ደግነቱ በጊዜ ቆመ።

ያን ሣር ማሳጨድ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እንዲደብቅ የሚያስተምረው ደግሞ እንዲህ ያለው ቅጣት ነው። አሜሪካኖች ይሄ ስለገባቸው እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በናሳ በኩል የሚመራ የሪፖርት ሥርዓት አላቸው። ሳያስበው የተሳሳተ ፓይለት በ10 ቀን ውስጥ ራሱ ከጻፈ ከቅጣት የሚድንበት ዕድል አለው። ወንጀል ወይም አደጋ ከሆነ አይመለከተውም። ሰክሮ የገባ፣ እያወቀ የጣሰ ይቀጣ፤ እኔም ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ግን ጉም ውስጥ ቆሞ «የት እንዳለሁ አላውቅም» የሚል ካፒቴንን ብትቀጡት፣ ቀጣዩ ካፒቴን «ትንሽ ልሂድ፣ አሁን አገኘዋለሁ» ይላል። እኔ እንዳልኩት።

ዲትሮይት ላይ እ.ኤ.አ. በ1990 ጉም ውስጥ የጠፋ አንድ ዲሲ-9 የሚባል አውሮፕላን በስህተት ራንዌይ ውስጥ ገባ። የት እንዳሉ እየተጠራጠሩ ብዙ ተጉዘዋል። ቆመው ጠፍተናል የሚለውን በግልጽ ሲናገሩ ዘግይተው ነበር። ሊነሳ የሚንደረደር ቦይንግ 727 በክንፉ ገጫቸው፤ 8 ሰው ሞተ።

የቀረው ቢሾፍቱ ነው። አዲሱ ኤርፖርት አቡሴራ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የታቀደ ነው። ቦሌ ሁለት ጎን ለጎን ራንዌይ አለው፤ የቢሾፍቱው ዕቅድ አራት ነው። ቦታ ሰፊ ነው፣ ጥሩ ነው፤ እኔም ለልጆቼ እመኝላቸዋለሁ። ግን ራንዌይ በበዛ ቁጥር ታክሲዌይም፣ ማቋረጫም፣ ፊደልና ቁጥርም ይበዛል። ትልቅ ኤርፖርት ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ዛሬ የተከፈተ መንገድ ነገ ለግንባታ ይዘጋል። ታይፔ ላይ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 2000 የሲንጋፖር ኤርላይንስ 747 በዝናብና በነፋስ መሃል ለግንባታ ወደተዘጋ ራንዌይ ገብቶ ተንደረደረ። ከግንባታ መሣሪያዎች ጋር ተጋጨ፣ 83 ሰው ሞተ። ሌክሲንግተንም ያን ሰሞን ታክሲዌዩ ተቀይሮ ነበር፤ ፓይለቶቹ የያዙት ካርታ አዲሱን ቅርጽ አያሳይም።

ስለዚህ ጸሐፊው ቢሾፍቱን ለሚሠሩት ሰዎች የሚጽፉ ከሆነ ይሄን ይጨምሩልኝ፦ መንገድ ሲቀየር አዲሱ ካርታ ፓይለቱ እጅ የሚገባው ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሣሩንስ የሚያጭደው ማነው?